ጳጉሜን የረሳው ሲስተም፦ የአንድ ኮምቦልቻ የቁጠባና ብድር ማኅበር ጉዳይ

መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ኮምቦልቻ ካለው የቁጠባና ብድር ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ናቸው።

"ልጄ፣ አንዲት እናት ፊቴ ቆመዋል። ሲስተማችሁ ቅጣት ጽፎባቸዋል። እኔ ደግሞ ቅጣት የሚያስጽፍ ነገር አላየሁም" አሉኝ።

ከኋላቸው የሴትየዋ ድምፅ ይሰማል። "ኧረ እኔ ቀኔን አላሳለፍኩም! ሁልጊዜ በ15 ነው የምከፍል!"

በርበሬ ቸርቻሪ ናቸው። የዚያን ቀን የመጡት ቁጠባ ሊያስገቡ ነበር። የብድር ክፍያቸው ቀን ገና መስከረም 15 ነው። ሲስተሙ ግን ቀኑን መስከረም 10 አድርጎታል። ሁለት ቀን አሳልፈዋል ብሎ ቅጣቱን ደረሰኙ ላይ አትሞ ሰጣቸው።

ላፕቶፔን ይዤ ከደሴ ወረድኩ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሀረጎን ተራራ እየዞርን ስንወርድ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ነሐሴ 15 ላይ 30 ቀን ሲደመር፣ 15ቱ ነሐሴን ይጨርሳል። 5ቱ ጳጉሜን ይበላል። የቀረው 10 ነው፤ መስከረም 10። ስሕተቱ ታክሲ ውስጥ ተገኘ። የሲስተማችን "አንድ ወር ጨምር" ማለት 30 ቀን መደመር ነበር።

ቢሮው ስደርስ ሴትየዋ አሁንም አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ደረሰኙን እጥፍጥፍ አድርገው በመዳፋቸው ይዘውታል። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ጋሼ ቅጣቱን በእጃቸው ሰረዙት፣ ፈረሙበት። "አብሽሪ እናቴ፣ ስምሽ ንጹህ ነው" አሏቸው። ያችን ደረሰኝ አልረሳትም። ለእኔ የኮድ ስሕተት ነው። ለእሳቸው በሠፈራቸው ስም የሚያጠፋ ወረቀት ነው።

ይህ ጽሑፍ ያ ስሕተት ከየት እንደመጣና እኛ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግን ነው። ነገሩ የጳጉሜን ብቻ አይደለም። እንደታዘዙ ራሳቸው ኮድ ለሚጽፉ የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ፕሮግራሞች፣ ኤጀንት ለሚባሉት፣ የሚገጠሙትን ተጨማሪ መሣሪያዎች፣ ማለትም ፕለጊኖች፣ ዝግጁ እንውሰድ ወይስ ራሳችን እንሥራ የሚለው ጥያቄ ነው። ሁለቱንም መንገድ ሄደንባቸዋል። በሁለቱም ተሳስተናል።

እኔና የአክስቴ ልጅ ደሴ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን ሶፍትዌር እንሠራለን። ሁለት ብቻ ነን። የማኅበሩን ሲስተም የጻፍነው አብዛኛውን በኤጀንት ነው። ሥራ የጀመረው ጥር 2017 ላይ ነበር። ለሁለት ሰው ኤጀንት ትልቅ ጉልበት ነው። እኛ ቀኑን ሙሉ የምንለፋበትን ፎርም በሻይ ሰዓት ይጨርሰዋል።

በኖቬምበር 2024 የኤአይ ኩባንያው አንትሮፒክ ኤምሲፒ የሚባለውን ክፍት ስታንዳርድ አወጣ። ኤጀንት ከውጭ መሣሪያ ጋር፣ ለምሳሌ ከዳታቤዝ ወይም ከብራውዘር ጋር፣ የሚነጋገርበት የጋራ ቋንቋ ነው በሉት። በማርች 2025 ሌላው የኤአይ ኩባንያ ኦፕንኤአይም ተቀበለው። ስታንዳርዱ ከወጣ ወዲህ ዝግጁ ፕለጊን እንደ ጉድ ፈላ። ለዳታቤዝ አለ፣ ለኢሜይል አለ፣ ለሥራ መከታተያ አለ፣ ለካሌንደር አለ። አንድ መስመር ትእዛዝ ትጽፋለህ፣ ይገጠማል። እኛም 9 ገጠምን። አንዱ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሚሠራ ነበር። ስናገኘው ደስ ብሎን ነበር፤ እውነቴን ነው። የራሳችን ነገር ተሠርቶ ሲገኝ ማን ይጠላል?

ያ ፕለጊን ለኤጀንቱ መመሪያና የናሙና ኮድ ይሰጣል። ኤጀንቱ ናሙናውን ቀድቶ ወደ ሲስተማችን አስገባው። 30 ቀን የሚደምረው መስመር እዚያ ውስጥ ነበር።

ለምን ሳናየው ቀረን? ይህን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። በእኛ አቆጣጠር 12ቱ ወሮች እያንዳንዳቸው 30 ቀን ናቸው። ስለዚህ 30 መደመር ከመስከረም እስከ ነሐሴ ድረስ ትክክል ነው። ከጥር ጀምሮ በየወሩ ሠራ። ማንም ቅር አላለውም። የሚሰናከለው በዓመት አንዴ ነው፤ ከነሐሴ ወደ መስከረም ሲሻገር። ያኔ ደግሞ የሚሰናከለው በሁሉም ተበዳሪ ላይ ነው።

ሌላም አለ። ኤጀንቱ ቴስት፣ ማለትም ኮዱ ልክ መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ፣ ጽፎ ነበር፣ ቴስቶቹም በሙሉ አልፈዋል። ግን "ትክክለኛው መልስ" ብሎ ያስቀመጣቸውን ቀኖች ያወጣው ከዚያው ፕለጊን ነው። ስሕተቱ ራሱን መሰከረለት። ያለፈ ቴስት አረንጓዴ፣ የወደቀ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ አረንጓዴውን ዝርዝር አይተን ተኛን።

የፕለጊኑን ኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍተን ያነበብነው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛ ስሕተት አገኘንበት። መስከረም 1ን በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11 ላይ ቸንክሮታል። ይህ ከአራት ዓመት በሦስቱ ልክ ነው። ዘመነ ሉቃስ ሲያልፍ ግን ጳጉሜ 6 ስለምትሆን ዘመን መለወጫ ወደ ሴፕቴምበር 12 ይገፋል። 2015 ሉቃስ ነበር። የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። የዚያ ዓመት መስቀልም ሴፕቴምበር 28 ነበር የዋለው። በዚህ ፕለጊን ግን ከመስከረም 1 ቀን 2016 ጀምሮ ለወራት ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ቀን የተዛባ ነው። የሚቀጥለው ሉቃስ 2019 ነው። ማኅበሩ የሁለት ዓመት ብድር ይሰጣል፤ ዛሬ የሚፈረም ብድር ወደ 2020 ይሻገራል። ስሕተቱ ውል ውስጥ ገብቶ ቀኑን እየጠበቀ ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሐሳባችን ሌላ ዝግጁ መፈለግ ነበር። ሁለት ሌሎች አየን። አንዱ በወር በዶላር የሚከፈልበት ነው። ከዚህ ሆኖ ዶላር መክፈል ማለት ውጭ ያለ ዘመድ ማስቸገር ማለት ነው፤ ዘመድ ደግሞ በየወሩ አይለመንም። ሌላው ነጻ ነው፣ ግን ዳታቤዙን ራሱ ልክፈት ይላል። ለቀን ስሌት ዳታቤዝ ምን ያደርግለታል?

እዚህ ላይ ቆም አልን። በዚያው ሰሞን፣ ሴፕቴምበር 2025 ላይ፣ ፖስትማርክ-ኤምሲፒ የሚባል የኢሜይል ፕለጊን ጉድ ወጥቶ ነበር። ሌላ ሰው በታወቀው የኢሜይል አገልግሎት ስም ያወጣው ነው። ለብዙ ቅጂ ያህል በሰላም ሠራ። በ1.0.16 ቅጂው ላይ ግን አንድ መስመር ተጨመረበት። ከዚያ በኋላ የሚላከው ኢሜይል ሁሉ በስውር ለሠሪው ይደርስ ነበር። አንድ መስመር ብቻ። የገጠሙት ሰዎች ምንም አላዩም።

ፕሮግራመሩ ሳይመን ዊሊሰን በጁን 2025 ያስጠነቀቀውም ከዚህ አይርቅም። አንድ ኤጀንት የግል መረጃ ካየ፣ ከማይታመን ቦታ የመጣ ጽሑፍ ካነበበ፣ ወደ ውጭም መላክ ከቻለ ሦስቱ አንድ ላይ አደጋ ናቸው ይላል። የእኛን 9 ፕለጊኖች በዚህ ሚዛን አስቀመጥናቸው። ሦስቱም ተሟልተው ነበር። የአባላቱ ስም፣ ስልክ፣ የብድር መጠን፣ የዋስ ስም፣ ሁሉም ኤጀንቱ በሚያየው ዳታቤዝ ውስጥ ነበሩ። ወሎ ውስጥ ማን ከማን ስንት እንደተበደረ ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ዕዳውን ለጎረቤቱም አይናገርም። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ አራቱን ነቀልናቸው። ለነገሩ ከገጠምናቸው ወዲህ ተጠቅመንባቸው አናውቅም ነበር። ያም ሆኖ ዋጋ ያስከፍሉ ነበር። የእያንዳንዱ ፕለጊን መሣሪያዎች ዝርዝር ኤጀንቱ ሥራ ሳይጀምር ኮንቴክስቱ ውስጥ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ሊይዘው በሚችለው ውስን ጽሑፍ ውስጥ፣ ይገባል። ስናየው ሩቡ ገደማ በዝርዝር ብቻ ተይዟል። አንዳንድ ኤጀንቶች አሁን አሁን መሣሪያውን ሲያስፈልግ ብቻ ማምጣት ጀምረዋል። የእኛ ያኔ እንደዚያ አልነበረም።

ከዚያ ወደ ሌላው ጫፍ ሮጥን። "ወንድምዬ፣ ሁሉንም ራሳችን እንሥራው" አለችኝ የአክስቴ ልጅ። ተስማማሁ። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ እየሠራን የራሳችንን ኤምሲፒ ሰርቨር፣ ማለትም ለኤጀንቱ መሣሪያዎችን የሚያቀርብ ፕሮግራም፣ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍን። 14 መሣሪያ ነበረው። ቀን ይቀይራል፣ ወር ይጨምራል፣ ወለድ ያሰላል፣ ስም ይፈልጋል፣ ደረሰኝ ያወጣል። ኮርተንበት ነበር።

ችግሩ ቀስ እያለ መጣ። መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ ሲዘጋ ሰርቨሩ አብሮ ይሞታል፤ ኤጀንቱ ደግሞ መሣሪያውን ሲያጣ ዝም ብሎ የራሱን ስሌት ይጽፋል። በእሷ ላፕቶፕ የሚሠራው በእኔ ላይ እንቢ ይላል። ኤጀንቱ ከ14ቱ መሣሪያዎች መካከል የተሳሳተውን ይመርጣል። ለደንበኛ መሥራት ያለብን ሰዓት ለሰርቨሩ እንክብካቤ ሄደ።

ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። ጋሼ ናቸው ያሳዩን፤ እንዳሳዩን እሳቸው አላወቁም። አንድ ቀን ደውለው "ይኼ አዲስ የሠራችሁት ነገር እኛ ጋ መቼ ነው የሚገባው?" አሉ። መልስ አጣሁ። ማኅበሩ ቢሮ ውስጥ ኤጀንት የለም። ሰርቨሩ የሚያገለግለው ኮድ ስንጽፍ እኛን ብቻ ነው። ደረሰኝ የሚያወጣው ሲስተም የራሱ የቀን ስሌት ያስፈልገዋል። ስለዚህ አንዱን ስሌት ሁለት ቦታ ጽፈነው ነበር። አንዱን አርመን ሌላውን ስንረሳ የሴትየዋ ደረሰኝ እንደገና ይታተማል።

በማግሥቱ ሁለታችንም ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ኮዱን ትተን ጋሼ አጠገብ ተቀመጥን። ቡና ተፈላ። የ20 ዓመት መዝገባቸውን አወጡልን። እያንዳንዱ ዓመት መጨረሻ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ አንድ መስመር አለ።

"ይቺ ምንድን ናት ጋሼ?" አለች የአክስቴ ልጅ።

"ጳጉሜ ናት ልጄ። ወር አትበያት። የነሐሴ ጅራት ናት። ደመወዝ ይከፈልባታል? አይከፈልም። መዋጮም አይሰበሰብባትም። ነሐሴ 15 የከፈለ ሰው ቀጣዩ መስከረም 15 ነው። አለቀ።"

ጻፍነው። እንደተናገሩት ቃል በቃል። ወደ ማታ ደብተራችን ላይ 11 ነጥብ ነበር። አንዱ ነጥብ ስለ "ዕጣ" ነው። በማኅበሩ ዕጣ ማለት አባሉ የሚገዛው የባለቤትነት ድርሻ ነው። ኤጀንቱ ግን ሎተሪ ብሎ ተርጉሞት፣ ዳታቤዙ ውስጥ በሎተሪ ስም ሠንጠረዥ ከፍቶለት ነበር። ለወራት ዐይናችን እያየ አልፈነዋል።

ያን ደብተር ይዘን ስንመለስ መንገዱ ግልጽ ሆነልን። በኦክቶበር 2025 አንትሮፒክ ስኪል የሚባለውን ነገር አውጥቶ ነበር። ስኪል ፎልደር ነው። ውስጡ አንድ የጽሑፍ ፋይል አለ። አናቱ ላይ ስሙና ምን ጊዜ እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ መስመር ይጻፋል። ኤጀንቱ መጀመሪያ የሚያነበው ይህንኑ ብቻ ነው። ጉዳዩ ሲገጥመው የቀረውን ይከፍታል። ሰርቨር የለ፣ መብራት ሲጠፋ የሚሞት ነገር የለ።

ስሌቱን ወደ ሲስተሙ ራሱ መለስነው። አንድ ፋንክሽን፣ ማለትም በስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል፣ ነው፤ ወር የሚጨምረው እሱ ብቻ ነው። የጋሼ 11 ነጥቦች ስኪል ሆኑ። አንድ ገጽ አይሞሉም። ዋናው መልእክት ይህ ነው፦ ቀንን የሚነካ ነገር ስትጽፍ ይህን ፋንክሽን ጥራ፣ በራስህ 30 አትደምር። ያን ሁሉ ሌሊት የፈጀንበት የ14 መሣሪያ ሰርቨር ሥራ በአንድ ፋንክሽንና በአንድ ገጽ ተተካ።

መጀመሪያ ላይ ስኪሉ አልተከፈተም። መግለጫው "የቀን ሥራ" ይል ነበር፤ ኤጀንቱ ምንም አልመሰለውም። "ቀን፣ ወር፣ ክፍያ፣ ቅጣት ወይም ወለድ የሚነካ ማንኛውም ኮድ ሲጻፍ" ብለን ስናሰፋው መክፈት ጀመረ። ስለ ቋንቋውም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኤጀንቶቹን የሚያንቀሳቅሱት ሞዴሎች ጽሑፍን ቶክን ወደሚባሉ ቁርጥራጮች ከፋፍለው ያነባሉ፤ አማርኛ ከእንግሊዝኛ የበለጠ ቶክን ይበላል። ስለዚህ መመሪያውን በእንግሊዝኛ ጻፍነው። የጋሼን ቃላት ግን፣ ዕጣን፣ መዋጮን፣ ጳጉሜን፣ በግእዝ ፊደል እንዳሉ ተውናቸው። ሲተረጎሙ ነው የሚበላሹት።

መመሪያ ብቻውን አይበቃም። ረጅም ሥራ ላይ ኤጀንቱ ይዘነጋዋል። ስለዚህ ቴስቶቹን አዲስ ጻፍን። ትክክለኛዎቹን ቀኖች ያወጣነው ከጋሼ መዝገብና ከግድግዳ ካሌንደር ነው። የ2016 መስቀል አለበት፤ ከነሐሴ ወደ መስከረም የሚሻገር ክፍያ አለበት፤ ወደ 2020 የሚሻገር ብድር አለበት። ከኤጀንቱም ከማንም ፕለጊን አልወሰድንም።

ስም ፍለጋው ሌላ ታሪክ ነው። አባላቱ መካከል ሰይድ ብዙ ነው፣ ሐሰን ብዙ ነው። አንዱ ሰይድን በእሳቱ ሰ፣ ሌላው በንጉሡ ሠ ይጽፈዋል። ሐሰንም ሀሰን፣ ሃሰን ይሆናል። ለኮምፒውተሩ ሁሉም የተለያዩ ስሞች ናቸው። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች የሚያቀራርብ ዝግጁ ኮድ አገኘን። ጥሩ ነው፣ ወሰድነው። ግን ለወሎ አልበቃም። ያ ኮድ ኸን ወደ ሀ ይመልሳል። እዚህ ደግሞ አንዲቱ ሴት አንዱ መዝገብ ላይ ኸዲጃ፣ ሌላው ላይ ከዲጃ፣ ሦስተኛው ላይ ሐዲጃ ናት። ኸሊልም እንደዚያው። ከ ብሎ የጻፈውን አያገኘውም። ይህን ማንም ሌላ ቦታ ያለ ሰው ሊያስብልን አይችልም። ጥቂት መስመር ጨመርንበት። የሚቀራረበው ሲፈለግ ብቻ ነው፤ መዝገብ ላይ የሚቀመጠው ስም መታወቂያው ላይ እንዳለ ነው። ሰው ስሙን በፈለገው ፊደል የመጻፍ መብት አለው።

ከ9ኙ ዛሬ የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ የማይክሮሶፍቱ ፕሌይራይት ነው። ኤጀንቱ ብራውዘር ከፍቶ ፎርሙን ራሱ እየሞላ የሚፈትሽበት ነው። ብራውዘር ደሴም ሆነ ሌላ አገር ያው ብራውዘር ነው። የሚያድሰው ትልቅ ቡድን አለ። ያን ራሴ ልሥራ ብል ዕድሜዬን እጨርስበታለሁ። ሌላው የዳታቤዝ ፕለጊኑ ነው። እሱንም ዝግጁ ወሰድነው፣ ግን በእኛ ልጓም። የሚገባው ማንበብ ብቻ በሚችል የዳታቤዝ ተጠቃሚ ነው። የሚያየውም ስምና ስልኩ የተቀየረ ቅጂ እንጂ እውነተኛውን መዝገብ አይደለም። ሁለቱንም ቅጂያቸውን ቆልፈናቸዋል፤ በራሳቸው አይታደሱም። አዲስ ቅጂ ሲመጣ የተቀየረውን አንብበን ነው የምናስገባው። አሰልቺ ነው፤ እናደርገዋለን።

አሁን አዲስ ፕለጊን ሲታየን መጀመሪያ የምንጠያየቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ነገር ቢሳሳት ቀድሞ የሚያውቀው ማን ነው? ብራውዘሩ ቢበላሽ በብዙ አገር ያሉ ሰዎች ከእኛ በፊት ይጮሃሉ። ጳጉሜ ብትበላሽ ግን የሚጮሁት የበርበሬ ቸርቻሪዋ ናቸው። የመጀመሪያውን ዝግጁ እንወስዳለን። የሁለተኛውን ራሳችን እንጽፋለን፤ ያውም ጋሼ አጠገብ ተቀምጠን።

አንድ ነገር አልተዘጋም። ከ11ዱ ነጥቦች የመጨረሻው ላይ ጋሼ ራሳቸው ዝም ብለው ነበር። የጳጉሜ 5 ቀን ወለድ ከነሐሴ ጋር ይታሰባል። የ6ኛዋ ቀንስ? መተዳደሪያ ደንቡ አይልም። "በሉቃስ እኔ እንዲሁ እዘላት ነበር። ግን ይህን የምወስን እኔ አይደለሁም። ጉባኤው ነው" አሉ። ለዚያች ቀን ቴስት ጻፍንላት። መልሱን ባዶ ተውነው። ኤጀንቱ ሁለት ጊዜ ሊሞላው ሞከረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰረዝነው። ጠቅላላ ጉባኤው እስኪወስን ድረስ ያ ቴስት ቀይ ሆኖ ይቆያል። ጋሼም አጀንዳው ላይ አስይዘውታል።